ሽጉጡን እጅ ስነሳ

ባለቤቴ ድሪሉን ከሳጥኑ አውጥቶ ገመዱን ጠቀለለና አናቱ ላይ የቢራ ቆርኪ አስቀመጠ። «ቆርኪውን ሳትጥዪ ያዢ» አለኝ። ሐሙስ ጠዋት ነበር፤ የቁርሱ ሳህን እንኳ አልተነሳም። ያዝኩ። እግሬን በትከሻዬ ልክ ከፈትኩ፤ ጉልበቴን ላላ አድርጌ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አነጣጠርኩ። የድሪሉን ማስነሻ ቁልፍ እንደ ቃታ ቀስ ብዬ ስስበው ቆርኪው ወደቀና እየተንከባለለ ቡፌው ሥር ገባ።

«ሐሙስን ስተሽ ግድግዳውን ገደልሽው» አለኝ።

«ቆርኪውን አውጣልኝና እንደገና ልሞክር።»

«ወገቤ እሺ ካለኝ ነገ አወጣዋለሁ።»

አርብ ጠዋት አልተነሳም። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። እንግዲህ አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር ይኸው ነው፤ ገመዱ ያልተሰካ ድሪል ይዞ የቀን መቁጠሪያ ላይ ማነጣጠር።

ነገሩ የጀመረው በፊኛ ነው። በአንድ በዓል ሰሞን ፒያሳ መንገድ ዳር ፊኛ የሚያስተኩሱ ሰዎች ነበሩና ባለቤቴ አምስት ተኮሰ። አምስቱም ፊኛዎች እንዳማረባቸው ቀሩ። እኔ ከዚያ ጀምሬ እቤት እስክንደርስ ሳቅኩ፤ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬም ሳቅኩ። ዕድሜውን ሙሉ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ እጄ አይንቀጠቀጥም የሚል ሰው ነው። «እስቲ አንቺንም እናይሻለን» አለኝ። በሳምንቱ ሁለታችንንም አንድ የተኩስ ስፖርት ክበብ አስመዝግቦን መጣ።

ለልጃችን አልነገርናትም። የምትኖረው ለብቻዋ ነው፤ እሑድ እሑድ ትመጣለች፤ በርጩማ ላይ ስንወጣ ካየችን ትጮሃለች። አንድ እሑድ ድንገት ስትገባ ሁለታችንም ጉልበታችንን አጠፍ፣ እጃችንን ወደ ፊት ዘርጋ አድርገን ግድግዳውን እያየን ቆመን አገኘችን። እኔ ደነገጥኩ። እሱ ግን ዞር እንኳ ሳይል «ለወገብ የታዘዘ ስፖርት ነው» አላት። ደስ አላት። ከዚያ በኋላ በደወለች ቁጥር «ወገባችሁን ሠራችሁ?» ትለናለች፤ እኛም «ሠርተናል» እንላታለን።

አሰልጣኛችን ከውትድርና በጡረታ የወጣች፣ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ድምፅዋ ግቢ የሚሞላ ሴት ናት። የመጀመሪያው ቀን ጥይት የሌለበት ሽጉጥ ሰጠችኝ። እኔ ደግሞ እንዳደግኩበት ቀኝ እጄን ዘርግቼ፣ ክንዴን በግራ እጄ ደግፌ፣ ከወገቤ ትንሽ ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ። በዚያው አኳኋን ወደ ዒላማው ዞርኩ።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«መያዜ ነዋ።»

«ይሄ መያዝ አይደለም፣ ሰላምታ ነው። ሽጉጡን እጅ ነሱት እኮ! የክርስትና አባትዎ መሰለዎት?»

ባለቤቴ ከኋላዬ በሳቅ ፈረሰ። «ይተዉአት፣ አስተዳደጓ ነው» አላት።

ጣቶቼን አንድ በአንድ አስተካከለችልኝ። ቀኝ እጄን እጀታው ላይ ከፍ አድርጋ አስያዘችኝ፤ የግራ መዳፌን በቀረው ባዶ ቦታ ሞላችው፤ የግራ ጣቶቼን በቀኞቹ ላይ ጠቀለለች፤ ሁለቱንም አውራ ጣቶቼን ጎን ለጎን ወደ ፊት አስተኛቻቸው። «ሲተኩሱ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይገፋል። ክንድዎን ቢደግፉት ምን ይጠቅማል? የሚያቆመው እዚህ ያለው እጅ ነው» አለች። ከዚያ ሌባ ጣቴን አየችና «እሱን ደግሞ ቃታው ላይ ማን ጋበዘው? እስኪጠራ ድረስ ጎኑ ላይ ይጠብቅ» አለችኝ። ወደ ኋላ መጋደሌንም አልወደደችውም። «ጠብ እንደፈሩ አይቁሙ፤ ትንሽ ወደ ፊት።»

ስልሳ ዓመት ያከበረ እጅ ቶሎ አይታረምም። ለወራት ትንሽ ስዘናጋ ግራ እጄ ተመልሶ ክንዴ ሥር ይገኝ ነበር። ባለቤቴም «ጤና ይስጥልኝ» ይላል ከጎኔ።

የመጨረሻው ፈተና ከአሥር ሜትር ላይ አሥር ጥይት ነው። ተወራረድን፤ የዒላማው ጥቁር ክብ ውስጥ ያነሰ ያስገባ፣ እሱ ለልጃችን እውነቱን ይንገራት። እሱ ቀድሞ ተፈተነና ሰባት አስገባ። የዒላማውን ወረቀት አጣጥፎ የኮቱ ኪስ ውስጥ ይዞት ሰነበተ። የእኔ ተራ የሚቀጥለው ቅዳሜ ነበር፤ ቅዳሜ ግን ቀበርነው።

በሦስተኛው ቀን አሰልጣኟ ለቅሶ መጣች። በሩ ላይ «ስፖርት የማሠራቸው ነኝ» ስትል ልጄ አቀፈቻትና ለተቀመጠው ሰው «የወገብ ሐኪማቸው ናቸው» ብላ አስተዋወቀቻት። አሰልጣኟ አየችኝ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ። «አዎ» አለች፣ «ጋሼ አቋቋማቸው በጣም ተሻሽሎ ነበር።» ከዚያ ወደ እኔ መጣች። ቀኝ እጄን ዘረጋሁላት፤ ክንዴን በግራዬ ደግፌ። ጎንበስ ብላ ጆሮዬ ሥር፣ «ዛሬም እጅ እየነሱ ነው?» አለችኝ።

ሳቄ መጣ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ፤ ትከሻዬ ግን ይንቀጠቀጣል። አጠገቤ ያሉት ጎረቤቴ «ተዉአት ታልቅስ! ይውጣላት!» ብለው ራሳቸው ለቅሶውን አቀለጡት፤ ቤቱም ተከተላቸው። እኔ ነጠላዬ ውስጥ ስስቅ ቆየሁ። የቱ ጋ ወደ ለቅሶ እንደዞረ አላውቅም።

ከአርባው በኋላ ለፈተናው መሄድ አልፈለግኩም። ካልሄድኩ ተሸናፊ የለም፤ ለልጄም የምነግራት የለኝም። ይህ ይቀለኝ ነበር። ግን ኮቱን ሳነሳ ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ አገኘሁት። ውርርዱን ብተወው እሱን እዚያ አቁሜ የቀረሁበት ያህል ተሰማኝ።

ጥቁር ልብሴን እንደለበስኩ ሄድኩ። ከጎኔ ያለው ቦታ ባዶ ነበር። ቆምኩ፣ ያዝኩ፣ ግራ እጄ ቦታውን አልለቀቀም። አሥሩንም ተኮስኩ። አሰልጣኟ ሄዳ አየች፤ ሁለት ጊዜ ቆጠረች።

«ስድስት። አንዷ ጠርዙን ነካ አድርጋዋለች፤ ሰባት እንበላት?»

«አይሆንም፤ ስድስት ነው።»

አውቄ አልሳትኩም። አውቄ ብስትለት ደስ አይለውም ነበር።

እሑድ ለልጄ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «ታዲያ ያቺ የወገብ ሐኪምስ?» አለችኝ።

«ሃምሳ አለቃ ናት።»

«አቅፌያት ያለቀስኩት?!»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ሁለት ቀን ስልኬን አላነሳችም። በሦስተኛው ራሷ ደወለችና፣ «ወገብሽን ሠራሽ?» አለችኝ።

ቆርኪው አሁንም ቡፌው ሥር ነው፤ ለልምምድ ሌላ አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ኪሎ ወርጄ ታክሲ እይዛለሁ፤ አሥር ጥይት እተኩሳለሁ፤ ወረቀቱን አጣጥፌ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።