ባና የለበሰው አዳራሽ

ድራም ላይ ደምሴ ነበር። ቤዝ የያዘው ወንድይፍራው ነው። የምትዘፍነው፣ በትክክል ለመናገር የምትጮኸው፣ ሰናይት ነበረች። ጊታር እኔ። ከአዳራሹ ውጭ ደግሞ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ተሰማ ነበሩ። ሰሞኑን የመሐል ሜዳ ብርድ ሲብስብኝ ከሳጥን ያወጣሁት ጥቁር የበግ ጠጉር ባና ነው እነዚህን ሰዎች አንድ በአንድ ያስጠራኝ።

የሙዚቃ ባንዳችን «ውርጭ» ይባል ነበር። ፓንክ ሮክን ያወቅነው የወንድይፍራው የአጎት ልጅ ከአዲስ አበባ ባመጣው ሚሞሪ ካርድ ነው። ሦስት ኮርድ የሚበቃው፣ ጣት ቢሳሳት ፍጥነቱ የሚሸፍነው ሙዚቃ፤ አስተማሪ ለሌለው ሰው የተሠራ ይመስላል። የምንወደው ዘፈናችን ስለ ሚኒባስ ነበር። ሰናይት «አንድ ሰው የቀረው» እያለች ትጮኻለች፣ እኛ «አልሞላም» ብለን እንመልሳለን። ደብረ ብርሃን ለመሄድ መናኸሪያ ውስጥ ጠዋቱን የጨረሰ ሰው ይገባዋል።

በደምሴ ብየዳ ቤት ሁለት ዓመት ያህል ስንለማመድ ሰው ፊት አንድ ቀን እንኳ አልተጫወትንም። ጥር ላይ፣ የገብሱ ውቂያ እንዳለቀ፣ ደምሴ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ሥራ አገኘ። ከመሄዱ በፊት ባለው ቅዳሜ ከሰዓት እንድንጫወት ከገበያው በላይ ያለውን የቆርቆሮ አዳራሽ ለመንን። ድምፅ ማጉያውን ከሠርግ ዕቃ አከራይ ተዋስን፤ እሑድ ሠርግ ስላለበት ቀኑን ማስተላለፍ አንችልም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ከአዳራሹ ጀርባ የሚኖሩት እማማ የሺ አርፈው ነበር።

ለቅሶ ቤት አጠገብ ዘፈን እንደሌለ ማንም ሊነግረን አላስፈለገም። ድንኳኑን አብረን ተከልን፣ ቀብር ሄድን፣ ከቀብር መልስ የኤሌክትሪክ ገመዶቻችንን መጠቅለል ጀመርን። ጋሽ ተሰማ በሩ ላይ ቆመው አዩን።

«ደምሴ፣ መንገድህ ነገ ነው አሉ?»

«አዎ ጋሼ፣ በመጀመሪያው መኪና።»

«ይኼ ነገራችሁ መቼም ቀስ ተብሎ አይሆን?»

«ቀስ ካልነውማ እንጉርጉሮ ይሆናል» አለች ሰናይት።

የቆርቆሮውን ግድግዳ በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «ባና ስቀሉበት። መስኮቱም፣ በሩም ላይ። እኔ ድንኳን ውስጥ ነኝ፤ ከሰማሁ መጥቼ አስቆማችኋለሁ።»

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደረሰ። በዚያ ብርድ ሰው ከአልጋው ላይ ባናውን እየገፈፈ መጣ። ቆርቆሮው ከላይ እስከ ታች የበግ ጠጉር ለበሰ፤ አዳራሹ ጨለመ፣ ሞቀ፣ ዝናብ የመታው በግ ሸተተ። ጊታሬ ከጆንያ ውስጥ የሚጮህ ይመስል ነበር። ጭብጨባ ስለተከለከለ ሰዉ ጫማውን አውልቆ ዘለለ። «አንድ ሰው የቀረው» ስትል ሰናይት፣ ያ ሁሉ ሕዝብ በሹክሹክታ «አልሞላም» አለ። ደምሴ እየመታ ዓይኑን ከበሩ አልነቀለም። ጋሽ ተሰማ ግን አልመጡም።

ስንጨርስ ወንድይፍራው ዕቃ ሊፈታ ቀረ፣ እኛ ፊታችንን ታጥበን ለቅሶ ቤት ገባን። የስንዴና የባቄላ ንፍሮ ተሰጠን። ጋሽ ተሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«መቼ ነው የምትጀምሩት?»

«ጨርሰናል ጋሼ።»

በዚያች ቅጽበት ወንድይፍራው የትልቁን ድራም ፔዳል ነካው መሰለኝ፣ አንድ ድምፅ ዱም ብሎ ድንኳኑ ውስጥ እግራችን ሥር ደረሰ። ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው ከእፍኛቸው ባቄላ እየመረጡ «ነፋስ ነው» አሉ። የሟች ልጅም፣ ሌላውም ለቀስተኛ፣ ቀና አላለም።

ደምሴ በማግስቱ ሄደ፣ «ውርጭ»ም በዚያው አበቃ። እኔ ዛሬ በየሠርጉ እጫወታለሁ፤ እንደዚያ ተጠንቅቆ የሰማኝ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ጋሽ ተሰማ ካረፉ ቆዩ። የሰፈሩን ባና ሁሉ ለየባለቤቱ ስንመልስ ይኼ ጥቁሩ፣ ጠርዙ በቀይ ክር የተሰፋው፣ ባለቤት አጣ። በሩ ላይ የተሰቀለው እሱ ነበር። አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ፣ የማን እንደሆነ ንገሩኝ፤ የረሳሁትንም ጨምሩበት። ድንኳን ውስጥ የነበራችሁ ደግሞ፣ አሁን ብዙ ጊዜ አልፏልና፣ የትኛውን ዘፈን እንደወደዳችሁት ብታወሩኝ ደስ ይለኛል።