የእንኳየሁ ተጣጣፊ ስልክ

እንኳየሁ ሰም ከቀለጠበት ድስት አጠገብ ቁጭ ብላ የጥጥ ፈትሉን ቀስ እያለች ትስባለች። ፈትሉ ከድስቱ ሲወጣ ትኩስ ነው። ሳይደርቅ በሁለት ጣቶቿ መሐል አሳልፋ ትርፉን ሰም ታራግፍና፣ በእጅ ብዛት በለሰለሰች ጣውላ ላይ በመዳፏ ታሽከረክረዋለች። ጧፉ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ከጓደኞቹ ጎን ታጋድመዋለች፤ ከዚያ ሌላ ፈትል ትይዛለች። ከጣውላው ማዶ፣ ሰም እንዳይፈናጠርበት ራቅ ተደርጎ፣ ስልኩ ተቀምጧል። ታችኛው ጎኑ ተኝቷል፤ ላይኛው ጎኑ ያለ ምንም ድጋፍ ቀና ብሎ እሷን ያያል። እጇ ሥራው ላይ ነው፤ ዓይኗ ግን ከስልኩ አይነቀልም።

ስልኩን ያመጣችላት ልጇ ዓይናዲስ ናት። ዓይናዲስ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ትሠራለች፤ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ከውጭ አገር ስትመለስ አደራ ብላ ያስመጣችው ነው። የሰጠቻት ዕለት እናቷ አጠገብ ተንበርክካ፣ ስልኩን እንደዚያ ግማሽ ድረስ አጥፋ ጣውላው ማዶ አቆመችውና፣

«አየሽ እማ፣ ወንዴ ሲደውል ፊቱን እያየሽ ታወሪያለሽ፤ እጅሽም ሥራ አይፈታም» አለቻት።

ወንዴ የእንኳየሁ የመጨረሻ ልጅ ነው። ሥራ ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣ፣ አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር በመተማ በኩል አድርጎ ከአገር ወጣ። የራሱን ስልክ መንገድ ላይ ቀሙት። በቃሉ የሚያውቀው ቁጥር የእናቱን ብቻ ስለሆነ፣ ሰው ለምኖ በየጊዜው ከማይታወቅ ቁጥር ይደውላል። ደውሎ የሚለው ጥቂት ነው፤ ደህና ነኝ፣ አታስቢ፣ ጸልይልኝ። ስለዚህ እንኳየሁ ቤት ስልክ ማለት ወንዴ ማለት ነው። ገበያ ስትወርድ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም፣ ውኃ ስትቀዳ ስልኩ አብሯት ነው። ዓይናዲስ የእናቷን ሲም ካርድ አስቆርጣ አዲሱ ስልክ ውስጥ ስታስገባ፣ አሮጌው ባለቁልፍ ስልክ ባዶውን ሣጥን ገባ።

ሰም የሚያመጡላት አያ አድማሴ ናቸው፤ ከኮሶዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ይወርዳሉ። ያን ሰሞን መጥተው ከረጢታቸውን ሲያወርዱ ዓይናቸው ስልኩ ላይ ዐረፈ።

«ምንድን ነው ይኸ እታለም? መስታወት ነው?»

«ስልክ ነው አያ።»

«ስልክማ እኔም አለኝ። ይኸ እንደ ዳዊት ይገለጣል!»

«ዓይናዲስ ናት ያመጣችልኝ።»

«እስቲ ወዲህ በይው። በሬ ሲገዙ ጥርሱን ያያሉ፤ የዚህ ጥርሱ ወዴት ነው?»

እንኳየሁ እየሳቀች እጇን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና አቀበለቻቸው። ሽማግሌው ከፈቱት፣ አጠፉት፤ እንደገና ከፈቱት። ሲገጥም ቀጭ የሚለውን ድምፅ ወደዱት መሰል፣ ሦስተኛም አራተኛም ጊዜ አስጮሁት።

«ሸጋ ነው። ሲታጠፍ ከመዳፍ አያልፍም።»

«መቀነቴ ውስጥ ልክክ ይላል። የዓይናዲስ ስልክ እንደ ሰሌዳ የተዘረጋ ነው፤ የት ይያዛል? ይኸ ሲከፈት ያንኑ ያህላል፤ ፊደሉም ያለ መነጽር ይታየኛል። ደግሞ ውጪው ላይ ይቺን ትንሽ መስኮት ይዩልኝ፤ ሳልከፍተው ማን እንደደወለ ታሳየኛለች።»

«በር ሳትከፍቺ እንግዳውን በቀዳዳ ማየት ነዋ! ያልወደድሽውን ልትመልሽ!» ብለው ሣቁና፣ «ነውሩስ?» አሉ።

እንኳየሁ አቀረቀረች። የልጅን ስጦታ ማማት ከበዳት።

«ምን ነውር አለው፤ ደህና ነው።»

«ነውር የሌለው በሬ ገበያ አይወጣም። ተናገሪ፣ ለዓይናዲስ አልነግርብሽም።»

«እንግዲያውስ... ጣቴን አያውቀውም አያ። የሰው ስልክ ጣት ሲያስነኩት ይከፈታል። የኔን ሰሙ ልሶት፣ ምን ቢያስነኩኝ እምቢ አለ። በቁጥር ነው የምከፍተው።»

«ጌታውን የማያውቅ ውሻ ነው በይኛ!»

«ደግሞ ይራባል። የድሮው አንዴ ከጠገበ ሳምንት ይከርም ነበር። ይኸ አንድ ቀን ውሎ ማታ ያለቅሳል፤ መብራት የጠፋ ዕለትማ ጭንቅ ነው።»

«ፊት የሚያሳየውስ? የልጁን ፊት አየሽ?»

«እሱ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ኢንተርኔቱ ደግሞ አለ ሲሉት የለም። በዚያም ላይ ወንዴ የሚለምነው የሰው ስልክ ነው፤ ፊት የሚያሳይ ይሁን አይሁን በምን ዐውቃለሁ?»

አያ አድማሴ ስልኩን ወደ ብርሃኑ አዘንብለው መሐሉ ላይ ያለችውን ስርጉድ በጥፍራቸው ጫፍ ዳሰሷት።

«ወገቡ ላይ መስመር አለው። ታይቶሻል?»

«ታይቶኛል።»

«ወገቡን አትመኚው እታለም። በሬም ሲወድቅ የሚሰበር ከወገቡ ነው።»

ስልኩን መልሰው ጣውላው ማዶ አቆሙላት። ሁለቱም ነውሩን ሁሉ አገላብጠው ያዩት መሰላቸው። ትልቁ ነውር ግን አምልጧቸዋል። ተጣጣፊው ስልክ ሰው እያወራበት ከታጠፈ ጥሪው ይዘጋል። ዓይናዲስ ይህን ሰው ሁሉ የሚያውቀው መስሏት አልነገረቻትም። እንኳየሁም ማውራት ስትጨርስ መጀመሪያ ቀዩን ምልክት ነክታ ኋላ ስለምታጥፈው፣ ለማወቅ ምክንያት አላገኘችም።

በቃና ዘገሊላ ዕለት የሚካኤል ታቦት ከጥምቀተ ባሕር ወደ መንበሩ ሲመለስ፣ እንኳየሁ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ መንገድ ዳር ቆማ ነበር። መንገዱ ተጠርጎ ቄጤማ ተነስንሶበታል። የከበሮው ድምፅ ገና ከሩቅ ነው። ድንገት መቀነቷ ውስጥ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። አወጣችው። ትንሿ መስኮት ላይ ረጅም፣ የማታውቀው ቁጥር ተጽፏል። ከሰው መሐል ወጥታ ወደ አንድ አጥር ተጠጋችና ከፈተችው።

«እማዬ!»

«ወንዴ! ልጄ! ደህና ነህ? በልተሃል?»

«በልቻለሁ። የሰው ስልክ ነው፣ ብዙ አላወራም፤ ስሚኝ። አሻጋሪዎቹ ዛሬ ማታ ወደ ባሕሩ ሊወስዱን ነው። እዚህ ደግሞ አንድ የአዘዞ ሰው አለ፤ ማኪና ይነዳል፤ አሁን ወደ አገር ይመለሳል። ና አብረን እንሂድ ብሎኛል። ሰውዬው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።»

«እህ...»

«ልቤ ሁለት ሆነብኝ እማዬ። ባዶ እጄን ስመጣ ሰው ምን ይለኛል? አንቺስ ምን ትይኛለሽ? አንቺ ተመለስ ካልሽኝ እመለሳለሁ። እንዳልሽኝ ነው የማደርገው። በይ ቃልሽን ስጪኝ።»

ተመለስ የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ታቦቱ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። እልልታው ከዳር እስከ ዳር ተቀጣጠለ፤ ደወሉ ተደወለ፤ ከፊቷ ያለው ሰው እንደ ታጨደ እህል በግንባሩ ተደፋ። ታቦት ሲያልፍ ቆሞ ስልክ ማውራት እንኳየሁ ባደገችበት አገር አይታሰብም። በባለቁልፉ ስልክ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማት ስልኩን ነጠላዋ ውስጥ አስገብታ ደረቷ ላይ ትለጥፈው ነበር። ማዶ ያለው ሰው እስክትመለስ ይጠብቃታል። አሁንም፣

«ቆየኝ ልጄ፣ ታቦቱ ደረሰ!» ብላ፣ የጸሎት መጽሐፍ አጥፎ እንደሚያቅፍ ሰው ስልኩን አጠፈችና በነጠላዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛ ተደፋች። በዚያ ጫጫታ መሐል ያለችው ተሰምቶ እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

ግንባሯ ቄጤማው ላይ ሆኖ፣ ልቧ በደስታ ይመታ ነበር። ወንዴ ከደረቷ ሥር አብሯት የተደፋ መሰላት። የታቦቱ በረከት በነጠላዋ አልፎ እሱም ዘንድ የሚደርስ መሰላት። እንዲህ ያለው ቃል በሚካኤል ፊት ቢሰጥ ይሻላል አለች በልቧ። ታቦቱ አልፎ ሰው መነሣት ሲጀምር እሷም ተነሥታ ስልኩን ከፈተችና ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«ተመለስ ልጄ! ባዶ እጅህን ና! እኔ አንተን እንጂ ምን ፈለግሁ! ሰማኸኝ? ተመለስ!»

ዝም አለ። ደግማ ተመለስ አለች። አጠገቧ ቄጤማውን ከቀሚሷ የምታራግፍ ሴት ቀና ብላ አየቻት።

«እማማ፣ ተዘግቶብዎታል እኮ። ይኸ ዓይነቱ ሲታጠፍ ይዘጋል።»

እንኳየሁ ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ አየችው። ጥሪው ጠፍቶ፣ ዓይናዲስ ስልኩ ፊት ላይ ያደረገችው የራሷ ልጅ ፎቶ ብቻ ነበር የሚታየው። ወደዚያው ቁጥር መልሳ ደወለች። አንድ ሰው አነሣና በማታውቀው ቋንቋ ተናገረ። «ወንዴ፣ ወንዴን ስጠኝ የኔ ጌታ፣ እናቱ ነኝ» አለች። ሰውዬው የሆነ ነገር ተናግሮ ዘጋው። ከዚያ በኋላ ብትደውል ብትደውል የሚያነሣ ጠፋ።

ዓይናዲስ ማታ ስትሰማ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

«እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ያልነገርኩሽ!»

«አንቺ ምን አደረግሽ? አንቺ መልካም አስበሽ ነው» ብላ እናቷ ራሷን ደባበሰቻት። ለራሷ የሚሆን ማጽናኛ ግን አላገኘችም። ወንዴ ልጅ ሳለ አጥፍቶ ሲመጣ እንኳየሁ ዱላ አታነሣበትም ነበር። ፊቷን አዙራ ዝም ትለዋለች። ልጁ ከዱላ ይልቅ ያንን ዝምታ ይፈራ ነበር፤ ቀሚሷን እየጎተተ «ተናገሪኝ እማዬ፣ ምቺኝ ግን ተናገሪኝ» ይላታል። ያን ዕለት ባዶ እጄን ልምጣ ወይ ብሎ ጠይቋት ስልኩ ጆሮው ላይ ሲዘጋ፣ ያንን ዝምታ የሰማ ሆኖ ተሰማት። ፊቷን ስላዞረችበት የሄደ መሰላት። የአዘዞው ሰውም ብቻውን ተመልሶ ይሆናል።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንኳየሁ ስልኩን አጥፋው አታውቅም። ሲተኛም፣ ሲሞላም፣ መንገድም ላይ እንደ ተከፈተ ነው። መቀነቷ ውስጥ ስለማይገባ በእጇ ትይዘዋለች። የማይታጠፈው ስልክ አቧራም፣ የሰም ፍንጣሪም ለበሰ። ጥቂት ቆይቶ ወገቡ ላይ ያለችው መስመር ጠቆረች። የጠቆረችው መስመር ሰፋች፤ በየቀኑ ወደ ታች ወረደች። ዓይናዲስ አንድ ማለዳ ወደ ሥራ ስትሄድ ጎራ ብላ አየችውና ደነገጠች።

«እማ፣ ጥቁሩ ጥሪ የሚነሣበት ቦታ ሊደርስ እኮ ነው! ዛሬውኑ ፒያሳ ውሰጂው። ሲሙ ስለተቆረጠ ማቀፊያ ያደርጉለትና ባለቁልፉ ስልክሽ ውስጥ ይመልሱልሻል። እኔ ዛሬ ከቢሮ መውጣት አልችልም።»

«ሲሙ ሲወጣ ስልኩ ይጠፋል?»

«ለትንሽ ጊዜ ነው።»

«ትንሽ ማለት?»

«ትንሽ ነዋ እማ። እንደ ሰልፉ ነው። ትሄጃለሽ አይደል?»

«እሄዳለሁ።»

ፊቷን ታጠበች፤ ባለቁልፉን ስልክ ከሣጥን አውጥታ በመሐረብ ቋጠረች፤ ተጣጣፊውን በእጇ ይዛ ወጣች። አስፋልቱ ዳር ደርሳ ቆመች። አሮጌው ስልክ ይሻላል፤ ይህን ታውቃለች። አይታጠፍም፣ አይራብም፣ ጣቷን አይጠይቃትም። ግን ከአንዱ ወጥቶ አንዱ ውስጥ እስኪገባ መሐል ላይ ባዶ ጊዜ አለ። ይህን ሁሉ ቀን ያልደወለ ልጅ በዚያች ጊዜ ቢደውልስ? ደውሎ ደግሞ ዝምታ ቢሰማስ? የባሕሩን ነገር ከሰፈሩ ሰው ሰምታለች፤ ማን እንደተሻገረ፣ የማን እናት ልቅሶ እንደተቀመጠች። ያንን ማሰብ አልፈለገችም።

አንድ ባጃጅ አጠገቧ ቆመ።

«ፒያሳ ነው እናቴ?»

ስልኩን አየችው፤ ሹፌሩን አየችው።

«ሂድ ልጄ። አልሄድም።»

ወደ ቤቷ ተመለሰች። ባለቁልፉን ከነመሐረቡ ሣጥን ውስጥ ከተተች፤ ተጣጣፊውን ጠረጴዛው ላይ እንደ ተከፈተ አስቀምጣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ምሳ ሰዓት ላይ ጮኸ። ዘላ ተነሣች። ላይኛው ጎን ላይ የዓይናዲስ ስም ተጽፏል፤ ታችኛው ጎን ግን ጠቁሯል፤ አረንጓዴው ምልክት የለም። ይኖርበታል ያለችውን ቦታ በሌባ ጣቷ ነካች፤ በአውራ ጣቷ ነካች፤ በመዳፏ አሻሸችው። ስልኩ ጮሆ ጮሆ ዝም አለ።

ፒያሳ ያለው ሱቅ እስከ ማታ ክፍት ነው። እንኳየሁ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።