ቡላ እና የእህቴ የሰርግ ካሴት

በቅበላ እሁድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ውሻችን ቡላ ደብረ ታቦር የነበረውን የቤታችንን ደፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሻግሮ ገባ። ዛሬም አንድ ነገር ሲርርር ብሎ ሲሽከረከር ስሰማ፣ ካሴቱ ቪዲዮ ዴክ ውስጥ ወደ ኋላ ሲጠቀለል ያሰማ የነበረው ድምፅ ይመጣብኝና ያ ቀን ፊቴ ድቅን ይላል።

ታላቅ እህቴ ስንዱ በጥር ተድራ እብናት ወርዳ ነበር። ቡላን ከቡችላነቱ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ስትሄድ ግን «ሙሉ፣ ከእንግዲህ ያንቺ ነው፤ እንዳታስርቢው» ብላ አስረከበችኝ። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ የራሴ የምለው ነገር ስላልነበረኝም ቃሏን እንደ ርስት ያዝኩት። ጠዋት ማታ ፍርፋሪ አቀርብለት፣ መዥገሩን እነቅልለት፣ ከጉና በኩል የሚመጣው ብርድ ሲበረታ ጆንያ አነጥፍለት ነበር። በእኛ ቤት ውሻ ደፍ አያልፍም፣ ቡላም ይህን ያውቅ ነበር፤ አጥንት ይዤ ከውስጥ ስጠራው እንኳ የፊት እግሮቹን ደፉ ላይ አድርጎ ያለቃቅሳል እንጂ አይገባም ነበር።

በዚያ እሁድ አባቴ የሰርጉን ካሴት ከፎቶ ቤት አምጥቶ ለዘመድ ከፈተው። ስንዱ በሙሽራ ልብሷ ብቅ ብላ «እምዬ፣ አታልቅሺ እንጂ!» ስትል፣ ቡላ ከግቢ ተወርውሮ መጣና ደፉን ዘሎ፣ በእንግዶቹ እግር መሃል ሾልኮ፣ ቴሌቪዥኑን አሽትቶ ከጀርባው ዞረ። እዚያ ያለው ሽቦና ግድግዳ ብቻ ነበር።

«ኧረ ይህን ውሻ አስወጡልኝ! ጠበል የተረጨ ቤት አይደለም ወይ?» አሉ የነፍስ አባታችን ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ።

አክስቴ እትዬ ዘውዴ ግን «ምን ያድርግ አባ፣ እመቤቱን ሰማ!» አሉ።

እመቤቱን! መዥገር ነቃይዋ እኔ፣ እመቤቷ እሷ። በአንገቱ ይዤ ሳስወጣው ጥርሴን ነክሼ ነበር።

ያን ጊዜ ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ ሰርጉን ሳያይ አይሄድም ነበር። ፋሲካ ላይ ታየ፣ ለግንቦት ልደታ ታየ፣ ሁልጊዜም ቡላ በእህቴ ድምፅ ደፉን ዘሎ ይገባና ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ይፈልጋት ነበር። እኔም እኮ ካሴቱ ውስጥ አለሁ፤ ማስታጠቢያ ይዤ «እጅ ታጠቡ! እጅ ታጠቡ!» እያልኩ እጮኻለሁ። በዚያ ቦታ ግን ጆሮውን እንኳ አያነሳም።

ክረምት ሲገባ፣ እናትና አባቴ ገበያ በወጡበት ቀን፣ በሩን ከፍቼ ካሴቱን ያለ ድምፅ አስኬድኩት። ስንዱ ስክሪኑን ሞልታ ስትስቅ ቡላ አይቷት ወደ ዝናቡ ዞረ። ድምፁን ስከፍተው ገባ። «እኔ አለሁ አይደል! ምን ጎደለብህ?» ብዬ ብጮህበት እጄን ላሰኝና ተመልሶ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሄደ። ካሴቱ ተበጥሶ ባየሁት ብዬ ተመኘሁ።

ካሴቱ አልተበጠሰም። ከዓመታት በኋላ የስንዱ ባል ደብረ ታቦር ተቀየረና እህቴ እኛው ግቢ ገብታ መኖር ጀመረች፤ በዚያው መስከረም እኔ ለትምህርት ባሕር ዳር ሄድኩ። ለገና ስመለስ ስንዱ በር ላይ ተቀበለችኝ፣ ሰላምታችንን ሳንጨርስም ከንፈሯን ጣለች።

«ያ ከሃዲ ውሻሽ!»

«ደግሞ ምን አደረገ?»

«አማቴ ሰርጉን እንይ ብለው ከፈትንላቸው። ካሴቱ ላይ ያን ሁሉ ሳወራ፣ ከደጅ ንቅንቅ አላለም። አንቺ ‹እጅ ታጠቡ› ስትዪ ተነሥቶ ገባ። አርጅቶ መዝለል አቅቶት፣ ደፉን በደረቱ እየተሳበ! ያሳደግኩት እኔ፣ የሚፈልገው አንቺን?»

አሁን ልጄ ለድመቷ በስልክ የሚበሩ ወፎች ታሳያታለች፤ ድመቷም መስታወቱን ትቧጥጥና ስልኩን ገልብጣ ሥሩን ታያለች። «እማ፣ እውነት መስሏት ነው?» ስትለኝ አላውቅም እላታለሁ። ሥራዬ ወሬ ማጣራት ነው፤ የድመቷን ልብ የምጠይቀው ሰው የለኝም። የእህቴን ወሬ ግን ያኔውኑ እናቴን ለብቻዋ ጠይቄ አጣርቻለሁ።

«አዎ፣ ገብቷል» አለችኝ እናቴ። «ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሄዶ ተኛ። ካሴቱ አልቆ አጥፍተነው እንኳ አልወጣም።»