ጨው አልባው ሳህን

እልል በሉ! ዛሬ ቅዳሜ፣ ገና ሰባት ሰዓት ሳይሞላ፣ አንድ ቂጣ እንኳ ሳይተርፍ ተሸጦ አለቀ! ድስቱ ተጠረገ፤ ዘግይተው የመጡት ሳህናቸውን እንደታቀፉ ተመለሱ። የማን ቂጣ? የፓርባቲ ነዋ! የጉያናዋ የፓርባቲ!

ፓርባቲ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን በሰው ማድ ቤት ስትፈጅ ኖራ፣ በመርከብ ወደኛ ደሴት ወደ ካሪያኩ ከመጣች ስምንት ወሯ። በዚህ ወር መጀመሪያ የሟቿን የእማማ አዴሊንን ቤት ከወንድማቸው ልጅ ከሊንከን ተከራየችና፣ ሮቲ የሚባለውን የአገሯን ስስ ቂጣ በዶሮና በድንች ወጥ እየጠቀለለች ልትሸጥ ምድጃ ለኮሰች። ሊንከን ታዲያ ቁርጡን ነግሯታል፦ «እስከ ወሩ መጨረሻ ገበያ ካልያዝሽ ቤቱን ለዓሣ መረብ ማስቀመጫ እሰጠዋለሁ።» ያ ማለት ተመልሶ የሰው ማድ ቤት ነው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ የገዛ ሰው የለም። መምጣቱንስ ይመጣሉ። በር ላይ ይቆሙና በትከሻዋ ላይ ወደ ውስጥ አሻግረው እያዩ፣ «ደህና ዋሉ እማማ» ብለው ይሄዳሉ። ዞር ስትል ጥጉ ላይ ባዶ የእንጨት ወንበር ብቻ።

አንድ ቀን ጎረቤቷን እትዬ ኤሉዊዝን ያዘቻቸው።

«እትዬ፣ ማንን ነው ሰላም የምትሉት?»

«የቤቱን ባለቤት አዴሊንን ነዋ! እሷን አልፈን እንዴት እንብላ?»

«ሞተዋል አላችሁኝ እኮ!»

«ሞታለች አልን እንጂ ጠግባለች አልን?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰኞ በህልሜ መጥታ፣ ‹ቤቴ ውስጥ ይጠበሳል፣ እጄ ግን ባዶ ነው› አለችኝ።»

ፓርባቲ ሳቀች። ከሰዓት በኋላ ግን ጀልባ ሠሪው ካትበርት መጥቶ ያንኑ ህልም ነገራት። በማግስቱ ደግሞ አስተማሪዋ ዊልማ። ቃሉ አንድ፣ የተዘረጋው ባዶ እጅም አንድ። ሳቁ ቀረ።

እንደ አገሩ ደንብ ለሟቿ ጓዳ ውስጥ ነጭ ጨርቅ አንጥፋ፣ ምርጡን ቂጣና ዶሮ አቅርባ፣ በሩን ዘግታ ወጣች። ስትመለስ ምንም አልተነካም። ጉንዳኖቹ እንኳ ሳህኑ ጋ ሲደርሱ ሰልፋቸውን ለሁለት ከፍለው ዙሪያውን ያልፋሉ፤ ዝንብ አላረፈበትም።

እትዬ ኤሉዊዝ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ። «ውይ በሞትኩት! ጨው አድርገሽበታል!»

«ያለ ጨው ደግሞ ምን ምግብ አለ? ሠላሳ ዓመት ያበሰልኩ ሰው ነኝ!»

«ሠላሳ ዓመት ለሕያው ነው ያበሰልሽው! ሙታን ጨው አይቀምሱም።»

ዛሬ ጠዋት የሟቿን ድርሻ ለብቻ ሠራች። እጇ በልማድ ወደ ጨው ዕቃው ሲሄድ በሌላው እጇ መታችው። ሳህኑን አቀረበችና ከእትዬ ኤሉዊዝ ጋር ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ መንደሩ ጭጭ ብሏል። ከውስጥ ያ የጥጉ ወንበር ወለሉን እየፋቀ ሲሳብ ተሰማ።

ፓርባቲ ልትዞር ስትል ኤሉዊዝ ጉልበቷን ጨበጡ። «አትዙሪ! ሰው ሲበላ ዐይን ዐይኑን ያዩታል እንዴ? አሳዳጊ የበደለሽ!»

ቆይቶ ወንበሩ እንደገና ተሳበ። ገቡ። ቂጣውም ዶሮውም እንዳለ ነው። ፓርባቲ ሳህኑን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ያ ሁሉ ቅመም፣ ያ ሁሉ ነጭ ሽንኩርት ምንም አይሸትም። አሁን ከምድጃ የወረደው ወጥ እንደ ጉድጓድ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

ኤሉዊዝ በመስኮት ብቅ ብለው፣ «በልታለች!» አሉ።

የየቤቱ በር ተከፈተ። ለካ ሁሉም ሳህኑን ይዞ ሲጠብቅ ኖሯል!

«ፓርባቲ፣ ሁለት ጠቅልይልኝ!»

«ቃሪያውን ጨምሪበት እንጂ፣ አትሰስቺ!»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ፊቷን እያዩ በስሟ ጠሯት። በዚያ ሁሉ ግፊያ ግን ወንበሩ ላይ ማንም አልተቀመጠም፤ ቦታ ጠበበኝ ብሎ የገፋውም የለም።

ሊንከን ገና አልሰማም! ወሩ አለቀ ብሎ ቤቱን ለመረብ ሊያከራይ ጠዋት ሂልስቦሮ ከተማ ወርዷል፤ ሳይፈርም ልድረስበት። አውቶቡሱም ጥሩንባውን እየነፋ ነው። ሰውየው ደግሞ ከምሳ በኋላ ሸለብ ማድረግ ይወዳል፤ እማማ አዴሊን በህልሙ መጥተው ሳይቀድሙኝ ልሩጥ!