የኔታ አልረሱም

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ይቺን እዘላታለሁ።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። የኔታ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ሮብ ገበያ ከሚባለው ቦታ አጠገብ ቅኔ የሚያስተምሩ ሊቅ ናቸው። የሟች መምህራቸውን ቅኔ በድምፅ ቀድተው ላፕቶፕ ላይ አኑረውት ነበር። ሌባ ቢወስደው እንኳ እንዳይከፍተው ብዬ ዲስኩን ሦስት ቦታ ከፍዬ፣ እያንዳንዱን በየራሱ የይለፍ ቃል የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ላፕቶፑ በተነሣ ቁጥር ሦስቱንም መጻፍ ነበረባቸው።

«ልጄ፣ ለአንድ ቤት ሦስት ቁልፍ ምን ይሠራል? ባንዱ አይከፈትም?» አሉኝ።

ይከፈታል አልኩ። ቅኔው ያለባቸውን የሁለቱን ክፍሎች ቁልፍ በፋይል አድርጌ የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ አስቀመጥኩ፤ እሱ ሲከፈት ሌሎቹን ይከፍታል። እዚህ ላይ ባበቃ ምን ነበረበት? እኔ ግን ሳልነግራቸው የሁለቱን የድሮ የይለፍ ቃል አጠፋሁት፤ ከዚያ ወዲያ ቢጻፍም አይከፍትም። ማን አጥፋ አለኝ? የቁልፉን ቅጂስ ለምን አላስቀረሁም? ጥጋብ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ከወራት በኋላ ላፕቶፑ ተንቀራፈፈብኝ ብለው አመጡት። የመጀመሪያውን ክፍል ደምስሼ ሲስተሙን እንደ አዲስ ጫንኩ። ቁልፎቹ እዚያ እንደነበሩ፣ ያለ እነሱም ቅኔው ዳግም እንደማይከፈት ትዝ ያለኝ ከደመሰስኩ በኋላ ነው።

የኔታ ወንበር ስበው የድሮዎቹን የይለፍ ቃላት ጻፉ። እምቢ አላቸው። ደግመው ጻፉ። አንድ ፊደል አልሳቱም፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ይህን አውቃለሁ። ታዲያ ይህ አፌ ምን አለ? «የኔታ፣ ረስተውት ይሆናል» አለ።

«እኔ? እኔ ረሳሁ?» አሉ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ያለ ወረቀት ያስተማሩ ሰው! የቅኔ መምህር ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ሰምቶ እዚያው በቃሉ ነው የሚያርመው፤ ሀብቱ ማስታወሱ ነው። እሱን ነጠቅኳቸው። ብዙም ሳይቆዩ «ራሴ ከዳኝ» ብለው ተማሪዎቻቸውን ወደ ሌላ መምህር ሰደዱ፤ ጉባኤያቸው ተፈታ።

ለምን ዋሸሁ? የሱቄ ስም እንዳይጠፋ። በቃ፣ ይኸው ነው። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ለእናንተ መናገር ምን ያቅታል?

ባለፈው ቅዳሜ ለገበያ መጥተው ወደ ሱቄ ጎራ አሉ። ዳዊቱን በቃላቸው ይወርዱት የነበሩት የኔታ፣ «ዛሬ ዛሬ መጽሐፉን እያየሁ ነው የምደግመው፤ እሳሳታለሁ ብዬ እፈራለሁ» አሉኝ። ሁለታችን ብቻ ነበርን። መናገር እችል ነበር። «እርጅና ነው፣ የኔታ» አልኳቸው።

እጄን ይዘው መረቁኝ። አሜን ብዬ ተቀበልኩ።