ለመልስ የሚተው ቦታ

ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ውስጥ ሻንጣ የተበላሸበት ሰው ወዴት ልውሰደው ብሎ ከጠየቀ ወደ እኔ በረንዳ ይመሩታል። ሌላ ጠጋኝ ጠፍቶ አይደለም። የሌሎቹ ዚፕ ግን ዱባይ ሳይደርስ ቦሌ ላይ ይከፈታል፤ የእኔ አይከፈትም። ይህን ሥራ ማንም አላስተማረኝም። ወጣት ሳለሁ ጫማ እሰፋ ነበር። አንድ ነጋዴ ጎማው የወለቀ ሻንጣ አምጥቶ «ይህን ትችላለህ?» ሲለኝ፣ ነክቼው የማላውቀውን ነገር «እችላለሁ» አልኩት። ፈታሁት፣ እያንዳንዱን ብሎን ማዳበሪያ ላይ በተራ ደረደርኩ፣ መልሼ ገጠምኩት፤ ሰውዬው እየጎተተ ሄደ። ማንበብም የቻልኩት እንዲሁ ነው፤ ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ፊደል እየለቀምኩ። ይህን የምጽፈውም በራሴ እጅ ነው፤ ማንም አላረመኝም።

አሁን ደክሞኛል። ጉልበቴ ከበርጩማ ለመነሳት ይለግማል። መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት የጎረቤት ዓይን እለምናለሁ፤ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም። እጄ ግን እንደ ድሮው ነው።

ዱባይን አላየኋትም። አዲስ አበባንም የማውቃት ዚፕና ጎማ ለመግዛት መርካቶ ስወርድ ብቻ ነው። ሆኖም በሁለቱ ከተሞች መካከል ማን እንደሚመላለስ ከእኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና እንነጋገር። የሐዋሳ ሰው ሲሄድም ሲመለስም ሻንጣው በእጄ ያልፋል።

መጀመሪያ ነጋዴዎቹ ነበሩ። የገበያችን ሴቶች ባዶ ሻንጣዎችን አንዱን በሌላው ውስጥ ከትተው፣ አንድ ሻንጣ አስመስለው ይሄዱ ነበር። ሲመለሱ ሁሉም ተወጥረው፣ ስፌታቸው ተተርትሮ እኔ ጋ ይደርሳሉ። ደስ የሚል ሥራ ነበር። ያኔ ሰው አየር መንገዱ እጀታ ላይ የሚያስረውን ወረቀት አይፈታም። ሻንጣው ቁም ሳጥን ላይ ተሰቅሎ ይቀመጣል፣ እንግዳ ሲመጣ ወረቀቱን ያያል። ስጠግንላቸው «አደራ፣ ወረቀቷን እንዳታነሳብኝ» ይሉኝ ነበር።

ቀጥሎ በኮንትራት የሚሄዱት ልጃገረዶች መጡ። የእነሱ ሻንጣ ሲሄድ ትንሽና አዲስ ነው፤ የሚያመጡልኝ ስማቸውን በቀለም እንድጽፍላቸው ብቻ ነበር። ሲመለሱ ሻንጣው ትልቅ ሆኖ፣ ጎማው በአንድ ወገን ተበልቶ አገኘዋለሁ። አንድ ሰው ብቻውን የጎተተው ሻንጣ በአንድ ወገን ያልቃል፤ ሁለት ሰው እየተቀባበለ የጎተተው እኩል ያልቃል። ይህን ራሴ ደርሼበታለሁ። እነዚያ ልጆች ጎማ ስቀይርላቸው «እንዴት ነበር?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ ጎማው ነግሮኛል።

ዛሬ ነጋዴዎቹ ቀርተዋል ማለት ይቻላል። ዕቃውን ስልክ ላይ ያያሉ፣ ያዛሉ፣ በካርጎ ይመጣላቸዋል። የሚሄዱት በጉብኝት ቪዛ የሚወጡ ወጣቶች ናቸው። ጉብኝት የሚሄድ ሰው ዲፕሎማውን ከሸሚዙ ሥር አይደብቅም፤ እነሱ ይደብቃሉ። ከእነሱ ጋር ደግሞ የልጅ ልጅ ሊያዩ የሚሄዱ አያቶች አሉ፤ የእነሱ ሻንጣ ገና ሳይከፈት ቅቤ ቅቤ ይሸታል።

ከዚህ ሁሉ አንድ ሕግ አውጥቻለሁ። ሊመለስ የሚሄድ ሰው ሻንጣው ውስጥ ለመልስ የሚሆን ቦታ ይተዋል። ላይመለስ የሚሄድ እስከ አፉ ይሞላል። ሻንጣ ከፍቼ አይቼ፣ «ይሄ ልጅ አይመለስም» ብዬ ለባለቤቴ የነገርኳት ሁሉ እንዳልኩት ቀርተዋል። ልጆቼ ይህን ሕግ ከፊደል ቀድመው ነው የሰሙት።

ታናሿ ልጄ ሐይቁ ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበረች። ሥራው ሲቀዘቅዝ ቤት መዋል ጀመረች። አንድ ከሰዓት በረንዳው ላይ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«አባባ፣ ቪዛ ወጥቶልኛል።»

«የት?»

«ዱባይ። አይቼ እመለሳለሁ።»

«መቼ?»

«ለፍቼ» አለች።

ባለቤቴ ሲዳማ፣ የቡሹሎ ልጅ ናት። በእኛ ቤት ከፍቼ፣ ከሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ የሚበልጥ በዓል የለም። ልጄ ከተወለደች ጀምሮ አንድም ፍቼ ከእናቷ ገበታ ቀርታ አታውቅም። ስለዚህ የሰጠችኝ ቃል ትልቅ ነበር፤ እኔም እንደ ትልቅ ያዝኩት።

ሻንጣዋን ራሴ አዘጋጀሁላት። የራሱን ጎማዎች ነቅዬ ከአሮጌ የዕቃ ጋሪ ያወጣኋቸውን ወፍራም ጎማዎች ገጠምኩለት። ኮብልስቶን ላይ ሲሄድ እንደ ሌላው አይንጫጫም፤ ያጉረመርማል። ልብሷን ስትከት አጠገቧ ተቀምጬ አየሁ። ግማሹን ሞልታ ግማሹን ተወችው። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት።

«አየሽ? ትመለሳለች።»

ሆኖም እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሕጉን የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ለእኔ ስትል ቦታ ትታ እንደሆነስ? በማግስቱ አንድ ዘዴ መጣልኝ።

በእኛ ከተማ ዱባይ የሚሄድ ሰው እንዳለ ከተሰማ መልእክት ይዞ የማይመጣ ጎረቤት የለም። የሚሄደውም እምቢ አይልም፤ ይሉኝታ አለ። ስለዚህ ብልጥ ሰው መሄዱን እስከ መጨረሻው ቀን ይደብቃል። እኔ ግን ለባጃጅ ሾፌሮቹ፣ ለጸሎት ቤታችን ሰዎች፣ ለገበያው ሁሉ ተናገርኩ። ከሁለት ቀን በኋላ ቤታችን በፌስታል ሞላ፤ ዳጣ በጠርሙስ፣ በሶ፣ ቡላ፣ ለአንዷ ልጅ እናቷ ያሰፋችላት ቀሚስ። ልጄ ከውጭ ስትገባ ይህን አይታ በሩ ላይ ቀረች።

«አባባ፣ ሰው መሄዱን ይደብቃል፤ እርስዎ ያስለፍፋሉ!»

«የሰው ዕቃ ይዞ የሄደ የሰው መልስ ይዞ ይመጣል» አልኳት።

«ግን የሚልኩት እኔን ነው ወይስ ሻንጣውን?»

ባለቤቴ ከጓዳ ሳቀች። ልጅቷ ስትወጣ ግን ሳቋን አቁማ መጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ ቦታ ከተወች ትመለሳለች ብለህ አልነበር? ታዲያ ቦታውን ምን አስሞላህ?»

«ገመድ የሚጠብቀው በሁለት በኩል ሲታሰር ነው።»

«ልጅ ነች እንጂ ጥጃ ነች?» ብላኝ ገባች።

ልጄ ሄደች። ዱባይ ደርሳ መልእክቱን አንድም ሳታጎድል ለየባለቤቱ አደረሰች፤ የእኔ ልጅ ናት። ብዙ ሳይቆይ አንድ ሆቴል ውስጥ ሥራ አገኘች። ስልክ ስትደውል ከኋላዋ የሊፍት ደወል ይሰማል። ስለ ፍቼ ስጠይቃት «ቀኑ መቼ ነው?» ትለኛለች። ቀኑን ኮከብ አይተው የሚናገሩት ሽማግሌዎች፣ አያንቶዎቹ፣ ገና አልተናገሩም ነበር።

«ቀኑ ሳይታወቅ ፈቃድ አይጠየቅም አባባ። እዚህ ሰዎች ኮከብ አይጠብቁም።»

ቀኑ እንደታወቀ በዚያው ሰዓት ደወልኩላት። «እሺ፣ አያለሁ» አለች። ቃሉ ደስ አላለኝም፤ ለባለቤቴ ግን «ትመጣለች» ብዬ ነገርኳት። ማስረጃም ነበረኝ። ጎረቤቶች በየቀኑ በረንዳዬ ላይ ይመላለሱ ነበር። አንዷ «ጋሼ፣ እህቴ ለልጅዎ ጫማ ሰጥቻታለሁ ብላለች፤ መቼ ነው የምትገባው?» ትላለች፤ ሌላው ሽቶ ይጠብቃል፤ ሌላዋ የሕፃን ልብስ። የመንደሩ መልስ ሁሉ በልጄ እጅ ነበር። ገመዱ ጠብቋል አልኩ።

የፍቼ ዋዜማ ከሰዓት ባለቤቴ ለቡርሳሜው ቅቤ እያነጠረች ነበር። ልጃችን የምትወደው እሱን ነው፤ ቆጮው በቅቤ ርሶ፣ ከአንድ ገበታ ሁሉም ሲበላው። እኔ በረንዳው ላይ አንድ እጀታ ይዤ ተቀምጫለሁ። ከመንገዱ ማዶ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ኮብልስቶኑ ላይ የሚያጉረመርም ድምፅ።

እጀታውን ጥዬ ተነሳሁ። ጉልበቴ ያን ቀን አልለገመም።

«መጣች!» ብዬ ጮህኩ። «ጎማው የእኔ ነው፤ ሐዋሳ ውስጥ እንዲህ የሚጮህ ሌላ ሻንጣ የለም!»

ባለቤቴ ማማሰያውን እንደያዘች ወጣች። ከጥጉ ዞሮ የመጣው ሻንጣ በእርግጥ የእኔው ነበር። የምትጎትተው ግን ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያላት ነጋዴ ናት። ዛሬም ራሷ ዱባይ የምትመላለስ፣ ከድሮዎቹ የቀረች እሷ ብቻ ናት። ሻሿን አስተካክላ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ጋሼ፣ ምን ዓይነት ጎማ ነው የገጠሙለት? ቦሌ ላይ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ወፍጮ የምጎትት መስሎት!»

አልሳቅኩም። ባለቤቴ ወደ መንገዱ ጥግ አየች፤ ሌላ ሰው አልመጣም።

«ፈቃድ ከለከሏት እትዬ» አለቻት ሴትዮዋ ቀስ ብላ። «የሰው ዕቃ እጄ ላይ አይደር ብላ ሁሉንም ልካለች። ሻንጣውን ግን መልሱልኝ ብላለች። በሚቀጥለው ሳምንት ስሄድ እወስድላታለሁ።»

ባለቤቴ ወደ ቅቤዋ ተመለሰች። እኔ ሻንጣውን ገለበጥኩት። ልማዴ ነው፤ ሰው ፊት ከማየቴ በፊት ጎማ አያለሁ። ወፍራም ጎማ ቶሎ አይበላም፤ ቢሆንም ትንሽ ተፍቆ ነበር፤ በሁለቱም ወገን እኩል።

«ከልጄ ጋር ይህን የሚጎትት ሌላ ሰው አለ» አልኳት።

ሴትዮዋ ፊቷን አዞረች። ፈገግታዋን ግን አይቼዋለሁ።

«እኔ ምን አውቄ ጋሼ። እሷን ይጠይቋት።»

አልጠየቅኋትም። ማታ ስትደውል «እንኳን አደረሳችሁ» አለችን፤ እናቷ «ቡርሳሜውን ማን ይብላልሽ?» አለቻት። ስልኩን ተቀብዬ ዚፑ እንደያዘ፣ አንድ ክር ሳይበጠስ እንደ ደረሰ ነገርኳት። «አውቃለሁ አባባ፣ የእርስዎ ሥራ አይደል» አለችኝ። ድምፅዋ ደክሟል። ከኋላዋ ሊፍቱ ይደውላል።

በነጋታው ከተማው በዓሉ ወደሚከበርበት ሜዳ፣ ወደ ጉዱማሌ፣ ሲጎርፍ እኔ ቤት ቀረሁ። ጎረቤቶች የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው፣ በመንገዳቸው እያለፉ መልሳቸውን ከእጄ ወሰዱ። ጫማው ልክ ሆነ፤ ሽቶው ተሸተተ፤ የሕፃኑ ልብስ ትንሽ ጠበበ። ሁሉም «ልጅዎን እግዜር ይባርክልዎ» ብለውኝ ሄዱ። አንዳቸውም እሷ የት አለች አላሉኝም፤ የሚጠብቁት ነገር ደርሷቸዋላ።

ሁሉም ሲወጣ ሻንጣው ሥር ለእኔ የተቀመጠውን አገኘሁ። አዳዲስ ጎማዎች ናቸው፣ ቀላል፣ ድምፅ የማያሰሙ። ለእናቷ ሹራብ አለ። ከሁለቱ ሌላ ግማሹ ሻንጣ ባዶ ነበር። ዕቃዎቹን ያነሳሁት እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ፤ ያ ወገን ከመጀመሪያውም ምንም አልነበረበትም። ቦታ ትታለች። እኔ እንዳስተማርኳት ነው፤ ሕጉም አልተሳሳተም። ሊመለስ የሚሄድ ቦታ ይተዋል። አሁን የሄደው ሻንጣው ነው፤ የሚመለሰውም ወደ እሷ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ እንደገና ፌስታል ሲመጣ ሰነበተ፤ ማንም አልለፈፈም፤ ሰው ራሱ ሰምቶ ነው። ነጋዴዋ ከመምጣቷ በፊት በረንዳው ላይ ተቀምጬ ሻንጣውን አሰርኩ፤ በሶውን ከታች፣ ዳጣውን በልብስ ጠቅልዬ መሃል። ቀላሎቹን ጎማዎች አልገጠምኩም፤ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው። ድምፁን እፈልገዋለሁ።

ባለቤቴ ያነጠረችውን ቅቤ በጣሳ ይዛ መጣች። ወደ ሻንጣው ጎንበስ ብላ አየች።

«ደግ፣ በዚህ በኩል ቦታ አለ።»

«ተዪው» አልኳት።

«ቦታ እያለ?»

«ተዪው። ቅቤውን ነጋዴዋ በእጅ ቦርሳዋ ትያዝልን።»

ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ዚፑን ስስበው በሌላው ወገን ጫን አድርጋ ያዘችልኝ።