የኩስኮው መንገድ መሪ

ይህን የምትጽፍልኝ ልጄ ሂሩት ናት፤ አንዲት ቃል እንዳትቀንስ አስምያታለሁ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ክሊንተንቪል ሰፈር ውስጥ ቤታችንን የምለየው በጎረቤት የተሰነጠቀ ደረጃ ነው። ኮሮናው ጋብ ሲል ሂሩት ቬኬሽን ወስዳ ፔሩ፣ ተራራ ላይ ያለችውን ጥንታዊቷን ኩስኮን ልታሳየኝ ይዛኝ ሄደች።

በመጨረሻው ቀን ከአስጎብኚና ከሌሎች ቱሪስቶች ጋር ስንዞር በረዶ ወረደና ሁሉም ተበታተነ። የሂሩት ስልክ ሞተ። ፓስፖርታችን ሆቴል፣ አውሮፕላኑ ሊነሳ ሦስት ሰዓት ቀርቶታል። ስፔኖች የሠሩት ቤት ደግሞ ሁሉም ነጭ፣ በረንዳው ሁሉ ሰማያዊ ነው።

«ተከተይኝ» አልኳት።

«በሞቴ አባባ! የመንገዱን ስም እንኳ ሳታነብ?»

«ጠዋት ስንመጣ አንቺ ስታነቢ እኔ ሳይ ነበር።»

የተሸረፈው የማዕዘን ድንጋይ ጋ ወደ ቀኝ ታጠፍኩ። በር ላይ የተቀረጸው አፍንጫ የለሽ አንበሳ ጋ ወደ ግራ። ከዚያ ቁልቁል፣ ሆቴላችን ደጃፍ! ሂሩት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ዞር ስል አብረውን ሲዞሩ የነበሩት ስምንት ፈረንጆች ከኋላችን ተሰልፈዋል። ከሁሉም መጨረሻ፣ ጃንጥላዋን አጥፋ፣ አስጎብኚያችን ቆማለች።

ሂሩት ምን ሆነሽ ነው ብትላት «እኔ የዋና ከተማው የሊማ ልጅ ነኝ፤ እዚህ ሥራ የጀመርኩት ዛሬ ነው» አለች።